ክሊኒክ የገባው በሽታና ደጅ የቀረው

በአባላዘር በሽታ ክሊኒኮች ከሚመረመሩ ሰዎች መካከል በሽታው የሚገኘው በየትኞቹ ላይ ነው? ጥያቄው በብዙ አገር ተጠንቷል፤ መልሱም ከአገር አገር እምብዛም አይራራቅም። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ፣ በቅርብ ወራት አዲስ የፍቅር ጓደኛ የያዙ፣ በአንድ ወቅት ከአንድ ሰው በላይ ጋር ግንኙነት ያላቸው፣ ኮንዶም የማይጠቀሙ፣ ከዚህ በፊት በአባላዘር በሽታ ታመው የታከሙ፣ ምልክት አይተው የመጡ፣ አጋራቸው መታመሙ የተነገራቸው። ጥናቱ ሲወጣ እነዚህ «ተያያዥ ሁኔታዎች» ተብለው በሰንጠረዥ ይደረደራሉ።

ሰንጠረዡ ለሐኪም ጥሩ መሣሪያ ነው። ያለ ማብራሪያ አደባባይ ሲወጣ ግን የጥፋተኞች መዝገብ ይመስላል። በዚህ ንባብ የታመመው ጥንቃቄ የጎደለው፣ ያልታመመው ጨዋ ይሆናል። ንባቡ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም ሰው ይጎዳል፤ ራሱን ከጨዋዎቹ ወገን የሚቆጥር ሰው አይመረመርም፣ በሽታው የተገኘበት ደግሞ አፍሮ ለአጋሩ አይናገርም። አንድ ሰው በክሊኒክ መዝገብ ላይ «ተገኝቶበታል» ተብሎ እንዲጻፍ ሦስት ነገር መሟላት አለበት። በሽታው ካለበት ሰው ጋር መገናኘት አለበት፤ ክሊኒክ መሄድ አለበት፤ እዚያም በሽታውን ለይቶ ሊያሳይ የሚችል ምርመራ ማግኘት አለበት። የሰውየው ጠባይ የሚወስነው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱንም ቢሆን በከፊል። ሌሎቹ ሁለቱ የሚወሰኑት በምልክቱ፣ በገንዘብ፣ በርቀት፣ በይሉኝታና በላቦራቶሪው አቅም ነው።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ማን ይመጣል? የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ሊድኑ በሚችሉ አራት የአባላዘር በሽታዎች 374 ሚሊዮን አዲስ መያዝ ነበር። ትሪኮሞናስ 156 ሚሊዮን፣ ክላሚዲያ 129 ሚሊዮን፣ ጨብጥ 82 ሚሊዮን፣ ቂጥኝ 7.1 ሚሊዮን። ከነዚህ አብዛኞቹ ሰውየው ሳያውቃቸው የሚያልፉ ናቸው። ክላሚዲያ ከያዛቸው ሴቶች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል፣ ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ምንም ምልክት አያዩም። ክላሚዲያ የሚለው ስም ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ቢመስልም ተህዋሲው ግን እንግዳ አይደለም፤ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች የስንቱን ዓይን ያጠፋው ትራኮማ የዚያው የተህዋሲ ዝርያ ሥራ ነው። የዓይኑና የብልቱ ዓይነት ግን ስለሚለያዩ ትራኮማ ያለበት ሰው የአባላዘር በሽታ አለበት ማለት አይደለም።

ጨብጥ ደግሞ በወንድና በሴት ላይ የሚያሳየው ጠባይ የተለያየ ነው። አብዛኛው ወንድ ከተያዘ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽንቱ ያቃጥለዋል፣ መግል ይወርደዋል፤ ሳይወድ ይሄዳል። ሴቷ ግን በሽታው ማህፀኗ በር ላይ ተቀምጦ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ ከዚያም ወደ ማህፀን ቱቦዎች ወጥቶ ጠባሳ ጥሎ ያልፋል። ዓመታት ቆይቶ «ለምን አልወለደችም?» የሚባለው ነገር መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል፤ ወቀሳው ግን የሚወርደው በእሷ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ክሊኒክ መዝገብ «ጨብጥ በወንዶች ላይ ይበዛል» ቢል፣ ወንዶች ይበልጥ ይያዛሉ ማለቱ ላይሆን ይችላል፤ ወንዶቹ ሕመሙ ስለገፋቸው መጡ፣ ሴቶቹ ስላልታወቃቸው ቤታቸው ቀሩ ማለት ሊሆን ይችላል።

ቂጥኝ ከዚህም የባሰ አሳሳች ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ቁስል አያምም፤ በሴት ማህፀን በር ላይ ከሆነ ጭራሽ አይታይም። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያለምንም ሕክምና ይደርቃል። በዚያ መካከል የጠጣው ሥር ወይም የቀባው ቅጠል ካለ ምስጋናው ለሱ ይሆናል፤ ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ይመሰክራል፤ ተህዋሲው ግን በደሙ ውስጥ አለ። «ያለ ሐኪም ዳንኩ» የሚለው ምስክርነት ሐሰት አይደለም፤ ሰውየው ያየውን ነው የሚናገረው። ያየው ግን የበሽታውን አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው በነፃና በምስጢር የሚመረመርበት አገር ቁጥሩ ለምን እንደሚለይ ለማየት እንግሊዝን መመልከት ይጠቅማል። እንግሊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣችው ደንብ የአባላዘር በሽታ ሕክምና በነፃና በምስጢር እንዲሰጥ ወሰነች። ያ ልማድ እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ ሰውየው ስደተኛ ቢሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖረው እንኳ ለአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና አይከፍልም፤ የኤች.አይ.ቪ ሕክምናም ከ2012 ጀምሮ እንዲሁ ነው። (ለንደን ወይም ሊድስ ያለ ወገን ይህን አንብቦ ለጓደኛው ቢነግረው ደስ ይለኛል፤ ወረቀት የለኝም ብሎ በሽታውን ታቅፎ የሚቀመጥ አለና።) በ2023 በዚያ አገር የተመዘገበው ጨብጥ 85,223 ነበር፤ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1918 ወዲህ ከፍተኛው። የዚህ ቁጥር አንዱ ክፍል የእውነት መስፋፋት ነው፤ ሌላው ክፍል ደግሞ ተመርማሪው የበዛ መሆኑ ነው። ናሙና መውሰጃውን በፖስታ እስከ ቤታቸው ድረስ አስልከው፣ ራሳቸው ወስደው የሚመልሱ ወጣቶች ሞልተዋል። ምርመራ የሌለበት አገር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በሽታው ግን ትንሽ ላይሆን ይችላል። ሁለት አገሮችን ወይም ሁለት ከተሞችን በተመዘገበ ቁጥር ብቻ አወዳድሮ «እነዚህ ይብሳሉ» ማለት ስለዚህ አያስኬድም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ምርመራው እንምጣ፤ ለኛ ሰፊው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ የጨብጥና የክላሚዲያን ተህዋሲ ለይቶ የሚያሳይ የላቦራቶሪ መሣሪያ የለም። ስለዚህ የሚሠራው በምልክት ነው። ነርሷ ትጠይቃለች፤ ፈሳሹ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ቀለሙ ምን ይመስላል፣ ሽታ አለው ወይ፣ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላል ወይ፣ ባለፉት ሦስት ወራት አዲስ ሰው ነበር ወይ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወይም በመመሪያው ውስጥ ያለውን የፍሰት ሠንጠረዥ ትከተላለች። ምልክቱ የሚያመላክተውን በሽታ ሁሉ በአንድ ላይ ታክማለች፤ ሰውየው ውጤት ልጠብቅ ብሎ ሄዶ ሳይመለስ እንዳይቀር በዚያው ቀን መድኃኒቱን ትሰጣለች። ይህ ዘዴ በዓለም ጤና ድርጅት ተደግፎ ላቦራቶሪ በሌለባቸው አገሮች ለአሠርት ዓመታት አገልግሏል፤ የብዙ ሰው ጤናም አትርፏል።

ለወንድ ፈሳሽ ዘዴው ጥሩ ይሠራል። ከወንድ ብልት የሚወርድ መግል መነሻው ብዙውን ጊዜ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ነው፤ ለሁለቱም ማከም ትክክል ነው። ለብልት ቁስልም ደኅና ነው። ለሴት ፈሳሽ ግን ደካማ ነው። የሴት ፈሳሽ ጠባይ እንዲለወጥ ከሚያደርጉት ነገሮች ብዙዎቹ ከሌላ ሰው የተላለፉ አይደሉም፤ የብልት ተፈጥሯዊ ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባት ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ አንቲባዮቲክ መውሰድ ወይም እርግዝና ብቻ ፈንገሱን ሊያስነሳው ይችላል።

ይህ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የአንድ ጤና ጣቢያ መረጃ አይደሉም። 1000 ሴቶች ፈሳሽ አለን ብለው መጡ እንበል፤ ከነሱ 50ዎቹ የእውነት ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ አለባቸው። ሠንጠረዡ ከ50ዎቹ 30ውን ይይዛል፤ 20ው ያመልጡታል። በሽታው ከሌለባቸው 950 ሴቶች መካከልም 380ውን «አለባት» ይላል። በድምሩ 410 ሴቶች የአባላዘር በሽታ መድኃኒት ይዘው፣ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» ተብለው ይወጣሉ። ከነዚህ በሽታው ያለባቸው 30 ብቻ ናቸው። 380ዎቹ ያልነበረባቸውን በሽታ ይዘው ቤት ይገባሉ፤ ምሽት ላይ ባልና ሚስት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። «ከየት አመጣሽው?» ይላታል፤ ወይም እሷ ትጠይቀዋለች። በዚህ ዓይነት የፈረሰ ትዳር፣ የወረደ ዱላ አለ፤ ያ ሁሉ የሆነው ምናልባት በአንድ ተራ ፈንገስ ነው። ያመለጡት 20ዎቹ ደግሞ ደኅና ነሽ ተብለው በሽታውን ይዘው ይመለሳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የሴት ፈሳሽ ሕክምና በተቻለ መጠን በተህዋሲ ምርመራ ላይ እንዲመሠረት፣ እሱ ካልተቻለ ደግሞ የማህፀን በር በመሣሪያ ታይቶ እንዲወሰን የመከረው ለዚህ ነው። እኔም እንደ አንባቢም እንደ ዜጋም የማምነው፣ ለአባላዘር በሽታ የሚመደብ አዲስ ገንዘብ ካለ ከፖስተርና ከማስፈራሪያ ማስታወቂያ በፊት ለሴቶች ትክክለኛ ምርመራ መዋል አለበት። መሣሪያው ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው የጂን-ኤክስፐርት ማሽን ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ለጨብጥና ለክላሚዲያም የሚሠራ መመርመሪያ አለው። ችግሩ የመመርመሪያው ዋጋና አቅርቦት ነው።

ጥሩ ላቦራቶሪ ባለበትም ናሙናው ከየት ተወሰደ የሚለው ነገር ውጤቱን ይወስናል። ወንድ ለክላሚዲያ ሽንት ሲሰጥ የሚፈለገው የመጀመሪያው ጅማሮ ነው፤ ከዚያ በፊትም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ሳይሸና መቆየት አለበት፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ለማየት የሚሰጠው መካከለኛው ሽንት እዚህ አይሠራም። ለሴት ከሽንት ይልቅ ከብልት በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ይሻላል። በጉሮሮ ወይም በፊንጢጣ ያለ ኢንፌክሽን ደግሞ በሽንት አይታይም፤ ሐኪሙ ካልጠየቀ፣ ታካሚው ካልተናገረ ያልፋል። ጊዜም ወሳኝ ነው። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር ነፃ ይባላል። የቂጥኝ ቁስል ራሱ ከ10 እስከ 90 ቀን ሊዘገይ ይችላል።

ቂጥኝን በተመለከተ ሌላም ወጥመድ አለ፤ ብዙ ወገኖቻችንን የሚነካ ነው። በነፍሰ ጡር ክትትል ላይ የሚሰጠው ፈጣን የጣት ደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቂጥኝን ለመከላከል ያመረተውን ፀረ-አካል ነው። አንድ ሰው ቂጥኝ ይዞት በሚገባ ታክሞ ቢድን እንኳ ያ ፀረ-አካል ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይቆያል። ስለዚህ ፈጣን ምርመራው «አለ» ሲል ዛሬ በሽታ አለ ማለቱ ነው ወይስ ከዓመታት በፊት ነበረ ማለቱ፣ ከሱ ብቻ አይታወቅም፤ ቪ.ዲ.አር.ኤል የመሰለ፣ መጠኑ የሚለካ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ልጃገረዶች ከጉዞ በፊት ከሚመረመሩባቸው በሽታዎች አንዱ ቂጥኝ ነው። እነሱ ታመው የመጡ አይደሉም፤ ለጉዞና ለሥራ የተመረመሩ ናቸው። እዚያ የተገኘ ውጤት ከክሊኒክ ታካሚዎች ውጤት ጋር በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይችልም። ውጤቱ «አለ» የተባለችም ልጅ ለሁለተኛ ምርመራና ለሕክምና መላክ መብቷ ነው፤ ከደጅ መልሶ መላክ ሕክምና አይደለም። በእርግዝና ላይ ያለው ነገር ግን ማመንታትን አይፈቅድም። በ2022 በዓለም 1.1 ሚሊዮን ነፍሰ ጡሮች ቂጥኝ እንደነበረባቸው፣ ከ390 ሺህ በላይ እርግዝናዎችም በዚህ ምክንያት በሞተ ልጅ፣ ያለ ጊዜ በመውለድ ወይም በታመመ ጨቅላ እንዳበቁ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ላይ ሁለተኛው ምርመራ ሳይጠበቅ የፔኒሲሊን መርፌው በዚያው ቀን መሰጠቱ ትክክል ነው።

አሁን ስለ ጠባይ መናገር ይቻላል። የተላላፊ በሽታ ስሌት የሚሠሩ ባለሙያዎች የአባላዘር በሽታ ስርጭትን በሦስት ነገሮች ብዜት ይገልጹታል፦ በአንድ ግንኙነት የመተላለፍ ዕድሉ፣ ሰው አዲስ አጋር የሚይዝበት ፍጥነት፣ እና በሽታው ሳይታከም በሰው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ። ከሦስቱ አንዱ በግማሽ ቢቀንስ ስርጭቱ በግማሽ ይቀንሳል። ኮንዶም የመጀመሪያውን ይነካል። ክሊኒክ የሚነካው ሦስተኛውን ነው። ሁላችንም የምንከራከርበትና የምንሰብክበት ደግሞ መካከለኛው ነው።

መካከለኛውም ቢሆን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። በዓመት ሁለት አጋር የነበራቸው ሁለት ወንዶች አስቡ። አንደኛው ከመጀመሪያዋ ጋር ተለያይቶ፣ ወራት ቆይቶ ሁለተኛዋን ያዘ። ሌላው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይዞ ይመላለሳል። በመጠይቁ ላይ ሁለቱም «ሁለት» ይሞላሉ። የመጀመሪያው በሽታ ቢይዘው ወደ ፊት ብቻ ያስተላልፋል፤ የቀድሞዋ ወዳጁ ነፃ ናት። ሁለተኛው ግን ከአንዷ የያዘውን በሳምንቱ ለሌላዋ ያደርሳል፤ እሷ ሌላ ሰው ካላት ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ሄትኮትና ዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 በጨብጥ ላይ ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ በሽታው በአንድ አገር እንዳይጠፋ የሚያደርገው እርስ በርስ የተሳሰረ ትንሽ የሰዎች ክበብ ሊሆን ይችላል፤ ከክበቡ ውጭ ያለው ሰው የሚያዘው ክበቡ ጫፍ ላይ ያለን አንድ ሰው በማግባቱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር መነገር አለበት። በዕድሜዋ ባሏን ብቻ የምታውቅ ሴት ቂጥኝ ሊገኝባት ይችላል። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርዶ ሦስት ወር ቆይቶ የተመለሰ ሊሆን ይችላል፤ ከባድ መኪና ነጂ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከጋብቻ በፊት ተይዞ ሳያውቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። በጥናቱ ሰንጠረዥ ላይ እሷ «አንድ አጋር» በሚለው ረድፍ ተቀምጣለች፤ አደጋዋ ግን የተቀመጠው በእሱ ረድፍ ነው። ስለዚህ የታካሚውን ጠባይ ብቻ ጠይቆ የአጋሩን ያልጠየቀ ጥናት ግማሹን ነገር አላየም።

ኮንዶምም በክሊኒክ ጥናት ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ግር ያሰኛል። አንዳንድ ጥናቶች ላይ ኮንዶም እንጠቀማለን ካሉት መካከልም በሽታው ያንኑ ያህል ይገኛል፤ ይህን ያየ ሰው «እንግዲያው ኮንዶም አይረዳም» ሊል ይችላል። አይደለም። ሰዎች ኮንዶም የሚጠቀሙት ብዙውን ጊዜ ከማያምኑት ሰው ጋር ነው፤ ከሚያምኑት ጋር ይተዉታል። ስለዚህ ተጠቃሚዎቹ ከመጀመሪያውም ለበለጠ አደጋ የተጋለጡት ናቸው። በዚያ ላይ «አልፎ አልፎ» የሚጠቀም ሰው በመጠይቁ ላይ «አዎን» ይላል፤ ነርሷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትጠይቀው ደግሞ አዎን ማለቱ ይቀለዋል። ጥያቄው «በመጨረሻው ግንኙነት ተጠቅመሃል?» ሲሆንና ባለማቋረጥ የሚጠቀሙት ተለይተው ሲታዩ፣ መከላከያው እንደሚሠራ በግልጽ ይወጣል። ጫትና መጠጥም በአገራችን ጥናቶች ላይ ደጋግመው የሚነሡ ተያያዥ ሁኔታዎች ናቸው፤ ተህዋሲ ግን አያመጡም፤ ሰውየው የት እንደሚያመሽና ምን ዓይነት ውሳኔ እንደሚወስን ያመለክታሉ።

ዕድሜን በተመለከተ ወጣቶችን የሚኮንኑ ሰዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። በወጣት ሴት ላይ የማህፀን በር ውጫዊ ክፍል በቀላሉ በክላሚዲያና በጨብጥ በሚጠቃ ስስ የሕዋስ ሽፋን የተሸፈነ ነው፤ ዕድሜዋ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ያው አንድ ግንኙነት ለ18 ዓመቷና ለ35 ዓመቷ እኩል አደጋ የለውም። ከዚያ ደግሞ ወጣት የሚወዳጀው ከወጣት ጋር ነው፤ በሽታው የሚዞረው በዚያው የዕድሜ ክልል ውስጥ ነው። ቤተሰብ እንዳይሰማ፣ ጎረቤት ጤና ጣቢያ በር ላይ እንዳያይ ብሎ የሚዘገየውም እሱ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ግንኙነት የጀመሩ ከ25 ዓመት በታች ሴቶች በሙሉ ምልክት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም በየዓመቱ እንዲመረመሩ የሚመክረው ይህን ሁሉ አስቦ ነው።

በሽታው ሳይታከም በሰው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ማጠሩ ምን እንደሚያመጣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን የበለጠ ያስተማረን የለም። በታንዛኒያ ሙዋንዛ፣ ከ1991 እስከ 1994 በ12 የገጠር ማኅበረሰቦች ላይ ሙከራ ተደረገ። በስድስቱ ማኅበረሰቦች ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ ሕክምና ተሻሻለ፤ ነባሮቹ ሠራተኞች በምልክት ማከምን ሠለጠኑ፣ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ እንዲኖር ተደረገ፣ ኅብረተሰቡ ምልክት ሲያይ ፈጥኖ እንዲመጣ ተነገረው። ሌሎቹ ስድስቱ በነበሩበት ቆዩ። በሁለት ዓመት ውስጥ በኤች.አይ.ቪ አዲስ የተያዙት ሕክምናው በተሻሻለበት ከመቶ 1.2፣ በሌላው ከመቶ 1.9 ሆኑ፤ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ቅናሽ ነው። ቁስልና ፈሳሽ ያለበት ብልት ለኤች.አይ.ቪ የተከፈተ በር ነውና በሽታው ቶሎ ሲታከም በሩም ይዘጋል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኡጋንዳ ራካይ ሌላ ሙከራ ተደረገ። እዚያ ክሊኒክን ከማሻሻል ይልቅ በየቤቱ እየሄዱ ለሁሉም፣ ለታመመውም ላልታመመውም፣ በየአሥር ወሩ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ሰጡ። ቂጥኝና ትሪኮሞናስ ቀነሱ፤ ኤች.አይ.ቪ ግን በሁለቱም ወገን እኩል ሆነ። የሁለቱ ውጤት ልዩነት ብዙ አከራክሯል። ራካይ ላይ ወረርሽኙ ቆይቶ ሥር የሰደደ ስለነበር ብዙው መተላለፍ በቋሚ ጥንዶች መካከል ነበር፤ ለብልት ቁስሉ ዋና ምክንያት የነበረው ሄርፒስም በአንቲባዮቲክ አይነካም። እኔ ግን በይበልጥ የማሰምርበት ሌላ ልዩነት አለ። በየአሥር ወሩ የሚመጣ መድኃኒት በመካከል ያለውን ዘጠኝ ወር ባዶ ይተወዋል፤ ሰውየው ዛሬ ድኖ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ቢያዝ ማንም የለም። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ፣ መድኃኒት የማያልቅበት፣ ሰው የማያፍርበት ጤና ጣቢያ ግን ሰውየው በታመመ ቁጥር እዚያው አለ።

ሰው ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ አይደለም። ጨብጥ ፀሐይ ወይም ጨረቃ ላይ በመሽናት፣ የጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥ ይመጣል የሚል እምነት ባለበት ቦታ ሰውየው ምች መታኝ ብሎ ይቆያል። ከተማ ያለው ደግሞ ፋርማሲ ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለሽንት የሚሆን» ይላል፤ ጥቂት ፍሬ ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን ይዞ ይወጣል። ቂጥኝ ከ1943 ጀምሮ ለፔኒሲሊን እጁን እንደሰጠ ነው። ጨብጥ ግን በሰልፋ፣ በፔኒሲሊን፣ በቴትራሳይክሊን፣ በሲፕሮ ላይ ተራ በተራ ተላምዷል፤ ዛሬ በብዙ አገር የቀረው አስተማማኝ መድኃኒት የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፤ እሱንም የሚቋቋም ዝርያ በተለያዩ አገሮች ታይቷል። በሲፕሮ ምልክቱ ጋብ ያለለት ሰው ሳይድን ማስተላለፉን ይቀጥላል፤ የመቆያው ጊዜ ይረዝማል።

ከሁሉም ተያያዥ ሁኔታዎች ውስጥ ለሥራ የሚጠቅመው፣ እኔ ባየሁት፣ የመጨረሻው ነው፤ «አጋሬ መታመሙ ተነግሮኝ መጣሁ» የሚለው። እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው በሽታው የመገኘቱ ዕድል ከሌላው ታካሚ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምልክት የሌለው፣ በራሱ ፈጽሞ የማይመጣ ሰው ነው። ከዚህ በፊት የታከመ ሰው እንደገና መታመሙም አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ሠርቷል፣ እሱም ድኗል፣ ያልታከመችው አጋሩ ግን መልሳ ሰጥታዋለች። በሰንጠረዡ ላይ «ቀድሞ የታመመ» የሚለው ረድፍ የአንድን ሰው ግድየለሽነት ከሚናገር ይልቅ ያልተጠራን ሁለተኛ ሰው ይናገራል።

ለአጋር መንገር ከባድ መሆኑን አላቃልልም። በተለይ ለሴት። ኑሮዋ በእጁ ያለ፣ ዱላ የለመደ ባል ያላት ሴት የመጥሪያውን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ትመለሳለች። ስለዚህ ነርሷ ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት «እህቴ፣ ይህን ብትነግሪው ምን ይሆናል?» ብላ መጠየቅ አለባት፤ መልሱ የሚያስፈራ ከሆነ ስም ሳይጠቀስ በጤና ባለሙያ በኩል የሚጠራበት መንገድ መኖር አለበት። በምልክት ብቻ የታከመች ሴትም «ፈሳሹ ከሌላ ሰው ያልተላለፈ ሊሆን ይችላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሐኪሟ መስማት አለባት። ይህ ዓረፍተ ነገር ዋጋው ምንም ነው፤ የሚያድነው ግን ቤት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ወይም የሚያውቁት ሰው «በሽታው አለ» ከተባለ፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፤ የአንድ ቀን ሕክምና ከሆነም ለሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ፤ አጋርዎ እስኪታከም ድረስም ይጠብቁ። የኤች.አይ.ቪና የቂጥኝ ምርመራ በዚያው ቀን ይጠይቁ። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ይመርመሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ የቂጥኝ ምርመራው በመጀመሪያው የክትትል ቀን ይደረግልዎ፤ ከረሱት እርስዎ ያስታውሷቸው። እና አጋርዎን ይዘው ይምጡ፤ ማምጣት የማይችሉ ከሆነም ያንኑ ለነርሷ ይንገሯት።